ስለ እውነተኛ አሸናፊነት

፩

ልጆች ሆይ፥ ከብት የሚጠብቁ እረኞች በመስክ ላይ ትግል ሲገጥሙ አይታችኋል። አንዱ ሌላውን በጣለ ጊዜ በመካከል ይቆምና «የሚገጥመኝ አለ?» ብሎ ይጮኻል። የፈለገ ሁሉ ወጥቶ ይገጥመዋል። ሁሉንም በተራ የጣለ እንደ ሆነ ጓደኞቹ የመስኩ አለቃ ይሉታል። ሁሉ በዓይኑ አይቷልና በዚህ ስም ማንም አይከራከርም።

እንግዲህ በመስኩ ዳር አንድ የሸክላ ሠሪ ልጅ ቆሞ ነበር እንበል። ክንዱ የጠነከረ፥ እግሩም የጸና ነው። እርሱ «እኔ እገጥምሃለሁ» ብሎ ቢወጣ፥ አሸናፊውም «ከሁሉ ጋር እገጥማለሁ፤ ከሸክላ ሠሪ ልጅ ጋር ግን አልገጥምም፤ ለክብሬ አይገባም» ብሎ ቢመልስለት፥ ምን ትላላችሁ? ክብሩን ጠበቀን? ወይስ ፍርሃቱን በክብር ስም ሸፈነ? ከዚያስ በኋላ የመስኩ አለቃ መሆኑ ያለ ጥርጥር ይነገርለታልን?

ይህ ነገር በእረኞች ጨዋታ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በአሜሪካ አገር ትልልቅ ሰዎች በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ለብዙ ገንዘብ በሚጋጠሙበት በቡጢ ጨዋታ ውስጥ፥ ሃምሳ ዓመት ያህል እንዲህ ሲደረግ ኖሯል። አሁን ያንን ታሪክ እንነግራችኋለን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

፪

የቡጢ ጨዋታ ሁለት ሰዎች በእጃቸው ጓንት አጥልቀው፥ በገመድ በታጠረ መድረክ ላይ፥ በዳኛ ፊት የሚመታቱበት ግጥሚያ ነው። ጊዜው በዙር በዙር ይከፈላል፤ አንዱ ዙር ሦስት ደቂቃ ነው፤ ከዚያም አንድ ደቂቃ ያርፋሉ። ወድቆ ዳኛው አሥር እስኪቈጥር ድረስ ያልተነሣ ሰው ተሸናፊ ነው። ቀላሉ ሰው ከከባዱ ጋር እንዳይጋጠም ተጋጣሚዎቹ በሚዛን እየተመዘኑ በየክፍሉ ይለያሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ከባድ ሚዛን ይባላል። የዚህ ክፍል አሸናፊ የዓለም ሻምፒዮን ተብሎ በተጠራ ጊዜ፥ ብዙ ሰዎች «በምድር ላይ ካሉት ወንዶች ሁሉ ብርቱው ይህ ነው» ብለው ያስቡ ነበር።

ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ሻምፒዮኑን «ከእገሌ ጋር ግጠም» ብሎ የሚያስገድደው ሕግ አልነበረም። ተጋጣሚውን የሚመርጠው እርሱ ራሱ፥ ጉዳዩን ከሚፈጽምለት ሰውና ገንዘብ አውጥቶ ግጥሚያውን ከሚያዘጋጀው ነጋዴ ጋር ተማክሮ ነበር። ስለዚህ የሚፈራውን ወይም የሚንቀውን ሰው ሳይገጥም ስሙን ይዞ ለመኖር ይችል ነበር። በደሉ የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ጆን ሱሊቫን የሚባል አሜሪካዊ በ1882 ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ሰው በ1892 ተጋጣሚ ይምጣልኝ ብሎ በጋዜጣ ባስነገረው ቃል፥ ነጭ የሆነውን ሁሉ እንደሚገጥም፥ ጥቁርን ግን ከዚያ በፊት እንዳልገጠመ፥ ወደ ፊትም እንደማይገጥም በግልጽ ተናገረ። ሰዎች ይህን ልማድ «የቀለም ወሰን» ብለው ጠሩት። ከእርሱም በኋላ የመጡት ሻምፒዮኖች ይህን ወሰን እንደ ርስት ተቀባበሉት።

ስለ ምን እንዲህ ሆነ? በአሜሪካ አገር ጥቁሮች ከባርነት ነጻ የወጡት በ1865 ነው። ነጻ ከወጡም በኋላ ብዙ ነጮች «ጥቁር ሰው ከነጭ ያንሳል» እያሉ በትምህርት ቤት፥ በባቡር፥ በምግብ ቤትም ይለዩዋቸው ነበር። እንዲህ የሚል ሰው ሁለት ሰዎች በእኩል ሕግ፥ በእኩል ጓንት፥ በሕዝብ ፊት ሲጋጠሙ ማየት ያስፈራዋል። ጥቁሩ ያሸነፈ እንደ ሆነ ያ ሁሉ ንግግር በአንድ ቀን ይፈርሳልና ነው።

በቀላሉ ሚዛን ያሉት ጥቁሮች ግን ለሻምፒዮንነት ደርሰው ነበር። ጆርጅ ዲክሰን የሚባል በካናዳ የተወለደ ጥቁር ሰው በ1892 በኒው ኦርሊንስ ከተማ አንድ ነጭ አሸነፈ። በዚያ ከተማ ያሉ ነጮች በዚህ ስለ ተቈጡ፥ ግጥሚያውን ያዘጋጀው ማኅበር ከዚያ በኋላ ጥቁርና ነጭን ማጋጠም ተወ። ጆ ጋንስ የሚባለውም በ1902 በቀላል ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከባድ ሚዛን ግን «የወንዶች ሁሉ ብርቱ» የሚል ስም የሚያሰጥ ስለ ነበረ በሩ በብርቱ ተዘጋ።

፫

በዚያ ወራት በዚህ በር ፊት የቆመው ሰው ፒተር ጃክሰን ይባል ነበር። የተወለደው በ1861፥ ያን ጊዜ የዴንማርክ ግዛት በነበረችው በሴንት ክሮይ ደሴት ነው። ወደ አውስትራሊያም ሄዶ በዚያ ቡጢ ተማረ፤ በ1886 የአውስትራሊያ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በጠባዩ ትሑት፥ በአነጋገሩም የታረመ ስለ ነበረ በሄደበት አገር ሁሉ ተመልካቹ ያከብረው ነበር። ወደ አሜሪካ በመጣ ጊዜ ሱሊቫንን ለመግጠም ፈለገ። ሱሊቫን ግን እንቢ አለ።

በ1891 ጃክሰን ጄምስ ኮርቤት ከሚባል ወጣት ነጭ ጋር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተጋጠመ። ሁለቱ 61 ዙር ያህል፥ ይኸውም ከአራት ሰዓት በላይ ተፋለሙ። በመጨረሻ ሁለቱም እጃቸውን ማንሣት ስላቃታቸው ዳኛው ግጥሚያውን ያለ አሸናፊ አቆመው። በሚመጣው ዓመት ያው ኮርቤት ሱሊቫንን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ስለዚህ በዓለም ሁሉ «ከሻምፒዮኑ ጋር እኩል ነው» ተብሎ በእርግጥ የሚነገርለት ሰው ጃክሰን ነበር። ያልተፈጸመውን ግጥሚያ እንፈጽም ብሎ ጠየቀው።

ኮርቤት እንደ ሱሊቫን በግልጽ እንቢ አላለም። ነገር ግን ግጥሚያው በአሜሪካ ደቡብ ክፍል ይሁን አለ። በዚያ ክፍል ነጮች ጥቁሮችን ያለ ፍርድ ይገድሉ ነበር። ነጭን በሕዝብ ፊት የመታ ጥቁር ከዚያ በሕይወት መውጣቱ ያጠራጥራል። ጃክሰንም በዚያ አልገጥምም አለ፤ ነገሩም በዚሁ ቀረ። እንግዲህ አስተውሉ፤ እንቢታ ሁልጊዜ «እንቢ» በሚል ቃል አይመጣም። አንዳንድ ጊዜ ሌላው ሊፈጽመው በማይችል ውል ተሸፍኖ ይመጣል።

ዓመታት አለፉ። ጃክሰን እንጀራውን ለማግኘት በቴያትር መድረክ ላይ የባሪያ መስሎ እየተጫወተ ከከተማ ወደ ከተማ ዞረ። ጉልበቱም ደከመ። በ1898 ጄምስ ጄፍሪስ የሚባል ብርቱ ወጣት በሦስት ዙር አሸነፈው። በ1901 ወደ አውስትራሊያ ተመልሶ ሳለ በሳንባ ነቀርሳ በ40 ዓመቱ ሞተ። በጉልበቱ ዘመን የሚገባው ቀን ተከለከለ፤ የተከለከለ ቀን ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

፬

ያ ጄፍሪስ በ1899 ሻምፒዮን ሆነ። እርሱም ለሻምፒዮንነት ከጥቁር ጋር አልገጥምም አለ። በ1905 የሚገጥመኝ አጣሁ ብሎ ሳይሸነፍ ከጨዋታው ወጣ። የሚገጥመው ግን በደጁ ቆሞ ነበር፤ ስሙም ጃክ ጆንሰን ነው።

ጆንሰን በ1878 በቴክሳስ ግዛት በጋልቨስተን ከተማ ተወለደ፤ ወላጆቹ በባርነት የነበሩ ናቸው። ለጥቁሮች ብቻ «የጥቁሮች ሻምፒዮን» የሚባል ሌላ ስም ተበጅቶላቸው ነበርና፥ በ1903 ይህን ስም በማሸነፍ አገኘ። ዳሩ ግን ይህ ስም እንደ ሁለተኛ ማዕድ ነበረ፤ በትልቁ ማዕድ እንዳይቀርቡ ለብቻቸው የተዘረጋላቸው ነው።

በ1906 ቶሚ በርንስ የሚባል ካናዳዊ ሻምፒዮን ሆነ። ጆንሰን ግጠመኝ እያለ በርንስ በሄደበት ሁሉ፥ ወደ እንግሊዝ አገርም፥ ወደ አውስትራሊያም ተከተለው። ጋዜጦች በበርንስ ላይ መዘበት ጀመሩ። በመጨረሻ ሂው ማኪንቶሽ የሚባል የአውስትራሊያ ነጋዴ ለበርንስ 6,000 ፓውንድ ሊሰጠው ተስማማ። ይህ በዚያን ጊዜ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ለጆንሰን የተሰጠው ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ጆንሰን የፈለገው በሩ እንዲከፈት ነበርና በትንሹ ተስማማ።

ዲሴምበር 26 ቀን 1908 በሲድኒ ከተማ 20,000 ያህል ሰው በተሰበሰበበት ተጋጠሙ። በርንስ ቁመቱም ጉልበቱም ያንስ ነበር፤ ሲመታ ዋለ። በ14ኛው ዙር ፖሊሶች ገብተው ግጥሚያውን አስቆሙት። ለሲኒማ የሚነሣውም ፎቶግራፍ እንዲቆም ተደረገ። ጆንሰንም ከጥቁሮች ወገን የመጀመሪያው የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

፭

በሩ ተከፈተ፤ ነገር ግን ብዙ ሰዎች ተመልሶ እንዲዘጋ ፈለጉ። በሲድኒ ተቀምጦ ግጥሚያውን ያየ ጃክ ለንደን የሚባል የታወቀ ደራሲ፥ ጄፍሪስ ተመልሶ ጆንሰንን እንዲያሸንፍ በጋዜጣ ለመነ። ጆንሰንን ለማሸነፍ የሚፈለጉትንም ሰዎች «የነጮች ተስፋ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

ጄፍሪስ ከስድስት ዓመት ያህል ዕረፍት በኋላ ተመለሰ። ጁላይ 4 ቀን 1910፥ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ቀን፥ በኔቫዳ ግዛት በሪኖ ከተማ ከጆንሰን ጋር ተጋጠመ። በ15ኛው ዙር ጄፍሪስ ደጋግሞ ስለ ወደቀ ረዳቶቹ ግጥሚያውን አስቆሙለት። ከዚያ በኋላ ጄፍሪስ በደኅናው ዘመኔም ቢሆን ይህን ሰው አላሸንፈውም ነበር ብሎ እንደ መሰከረ ይነገራል። በመድረክ ላይ የተሸነፈው ሰው ሽንፈቱን አመነ፤ በመድረክ ላይ ያልነበሩት ግን አላመኑም። በዚያች ሌሊት በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነጮች በጥቁሮች ላይ ተነሡባቸው፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱ። የግጥሚያውም ሲኒማ በብዙ ከተማ እንዳይታይ ተከለከለ። በ1912 የአሜሪካ ምክር ቤት የቡጢ ግጥሚያ ሲኒማ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይወሰድ የሚከለክል ሕግ አወጣ።

በጡጫ ያልተቻለው ጆንሰን በፍርድ ቤት ተያዘ። በ1910 ለሌላ ወንጀል የወጣውን ሕግ ጠምዝዘው፥ ከነጭ ሴት ጋር በመጓዙ ከሰሱት፤ በ1913ም ሁሉም ነጮች በሆኑ ፈራጆች ፊት ተፈረደበት። እርሱም አገሩን ትቶ ሸሸ። በ1915 በኩባ አገር በሃቫና ከተማ፥ 37 ዓመት ሆኖት ሳለ፥ ጄስ ዊላርድ የሚባል ነጭ በ26ኛው ዙር አሸነፈው። በ1920 ወደ አገሩ ተመልሶ አንድ ዓመት ያህል ታሰረ። በ1946 በመኪና አደጋ ሞተ። ያ ፍርድ በይቅርታ የተሻረው በ2018 ነው፤ ይኸውም ከሞተ ከ72 ዓመት በኋላ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው እንዲህ ነው፤ ነገር ግን ይህ ንጋት እጅግ ዘገየ።

፮

አሁን የምንነግራችሁ ነገር ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ጆንሰን ሻምፒዮን በነበረባቸው ዓመታት ሦስት ብርቱዎች ጥቁሮች ግጠመን ብለው ይጠይቁት ነበር። ስማቸውም ሳም ላንግፎርድ፥ ጆ ጄኔትና ሳም ማክቬይ ይባላል። ጆንሰን ግን ለሻምፒዮንነት ከሦስቱ ከአንዱ ጋር እንኳ አልተጋጠመም። ሁለት ጥቁሮች ቢጋጠሙ ተመልካቹ ስለማይበዛ ገንዘቡ ያንሳል፤ ተጋጣሚዎቹም እጅግ የሚያስፈሩ ነበሩ። በ1913 በፓሪስ ከተማ ከአንድ ጥቁር ጋር ተጋጠመ፤ ያም ከሦስቱ አልነበረም።

እንግዲህ በሩ ተዘግቶበት ዓለምን የዞረው ሰው፥ ራሱ ከገባ በኋላ በሩን በወንድሞቹ ላይ መልሶ ዘጋው። የተበደለ ሰው ሁሉ ጻድቅ ይሆናል ብላችሁ አታስቡ። በደል የደረሰበት ሰው በደልን ሊጠላ ይችላል፤ ከበዳዩም ሊማረው ይችላል።

ሳም ላንግፎርድ በካናዳ፥ በኖቫ ስኮሺያ ግዛት ተወለደ። ቁመቱ አጭር፥ ትከሻው ግን ሰፊ ነበር። በ1906 ገና ወጣት ሳለ ከጆንሰን ጋር 15 ዙር ተጋጥሞ በነጥብ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ እጅግ በረታ፤ ጆንሰን ግን ዳግመኛ አልገጠመውም። ነጮቹም ሻምፒዮኖች አልገጠሙትም። ስለዚህ እነዚህ ጥቁሮች የሚጋጠማቸው ሲያጡ እርስ በርሳቸው ደጋግመው ይጋጠሙ ነበር። ላንግፎርድ ከጄኔት፥ ከማክቬይም፥ ሃሪ ዊልስ ከሚባለውም ጋር ከእያንዳንዳቸው ከአሥር ጊዜ በላይ ተጋጥሟል። ጄኔትና ማክቬይ በ1909 በፓሪስ ከተማ 49 ዙር ተፋለሙ፤ ጄኔት ደጋግሞ ወድቆ ሲነሣ ቆይቶ በመጨረሻ አሸነፈ። በዓለም ካሉት ብርቱዎች አንዳንዶቹ ዕድሜያቸውን በጎን በር ጨረሱት።

ላንግፎርድ በመጨረሻ ዓይኑ ታወረ። በ1944 አንድ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ፈልጎ በሃርለም ሰፈር፥ በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ፥ ዕውርና ድኻ ሆኖ አገኘው። ስለ እርሱ በጋዜጣ በጻፈ ጊዜ ብዙ ሰዎች ገንዘብ አዋጡለት። በ1956 ሞተ። ዛሬ ይህን ጨዋታ የሚያውቁ ሰዎች ከታላላቆቹ ቡጢኞች ጋር ይቈጥሩታል፤ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን አንድ ቀን እንኳ በከባድ ሚዛን መድረክ ላይ አልተፈቀደለትም።

፯

ዊላርድ ጆንሰንን ካሸነፈ በኋላ ከጥቁር ጋር አልገጥምም አለ፤ በሩም ተዘጋ። በ1919 ጃክ ዴምፕሲ ዊላርድን አሸነፈ። እርሱም በመጀመሪያ እንደዚሁ ተናገረ። በዚያን ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ሊገጥመው የሚገባው ሃሪ ዊልስ ነበረ። ዊልስ በኒው ኦርሊንስ ወደብ ዕቃ ሲሸከም ያደገ ረጅምና ብርቱ ጥቁር ሰው ነው።

የዊልስን ነገር ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ከሚለው ተረት ጋር ብናነጻጽረው አይሳሳትም። በ1922 ዴምፕሲና ዊልስ እንዲጋጠሙ ውል ተፈረመ፤ የግጥሚያው ቀን ግን አልመጣም። በ1925 ሌላ ውል ተፈረመ፤ ለዊልስ 50,000 ዶላር ተሰጠው፤ አዘጋጁ ለዴምፕሲ የሚገባውን ገንዘብ መክፈል ስላቃተው ያም ፈረሰ። የኒው ዮርክ ግዛት የስፖርት ኮሚሽን ዴምፕሲ አስቀድሞ ከዊልስ ጋር ይጋጠም ብሎ ያዘ። በ1926 ዴምፕሲ ጂን ተኒ ከሚባል ነጭ ጋር ለመጋጠም ሲፈልግ በኒው ዮርክ ፈቃድ ተከለከለ፤ ስለዚህ ግጥሚያው ወደ ፊላዴልፊያ ከተማ ተወሰደ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተሰበሰበ፤ ተኒም አሸነፈ። ዊልስ በዚህ ሁሉ መካከል ዕድሜው አልፎ ነበር።

ዴምፕሲ በኋላ ጥፋቱ የአዘጋጆቹ እንጂ የእኔ አይደለም ይል ነበር። በእውነትም የታወቀው አዘጋጅ ቴክስ ሪካርድ፥ የሪኖን ግጥሚያ ያዘጋጀውና ዳኛ የሆነው እርሱ ነበርና፥ ያን የመሰለ ሁከት ዳግመኛ እንዳይነሣ ይፈራ ነበር። ገዥዎቹም እንዲሁ ይፈሩ ነበር። እነሆ፥ ሁከቱን ያስነሡት ነጮች ሆነው ሳሉ ቅጣቱን የተቀበለው ምንም ያላጠፋው ዊልስ ሆነ። ሁሉ «እኔ አይደለሁም» አለ፤ በሩ ግን እንደ ተዘጋ ቀረ። ብዙ ሰዎች በአንድነት የዘጉት በር እንዲህ ነው፤ የዘጋው ሰው ቢፈለግ አይገኝም።

ዊልስ ግን ገንዘቡን አላባከነም። በሃርለም ቤቶችን ገዝቶ እያከራየ በደኅና ኖረ፤ በ1958 ሞተ።

፰

ከዚህ በኋላ የመጣው ጆ ሉዊስ ነው። በ1914 በአላባማ ግዛት ከድኾች ገበሬዎች ተወለደ። ጉዳዩን የሚፈጽሙለት ሰዎች ሁለት ጥቁሮች ነበሩ። የጆንሰንን ታሪክ ያውቁ ነበርና ብርቱ ደንብ አወጡለት፤ ባሸነፈው ሰው ላይ እንዳይስቅ፥ ከነጭ ሴት ጋር ፎቶግራፍ እንዳይነሣ አስጠነቀቁት። ለነጭ ቡጢኛ ማሸነፍ ይበቃው ነበር፤ ለሉዊስ ግን ማሸነፍ ብቻ አልበቃም።

በጁን ወር 1935 ሉዊስ በኒው ዮርክ ከተማ ፕሪሞ ካርኔራ ከሚባል እጅግ ግዙፍ ኢጣልያዊ ጋር ተጋጠመ። በዚያ ወራት የሙሶሊኒ መንግሥት አገራችንን ኢትዮጵያን ለመውጋት ይዘጋጅ ነበር። የአሜሪካ ጥቁሮች በሉዊስ ውስጥ ኢትዮጵያን፥ በካርኔራም ውስጥ ኢጣልያን ያዩ መሰላቸው። ሉዊስ በስድስተኛው ዙር ባሸነፈ ጊዜ በሃርለም ታላቅ ደስታ ሆነ። ከጥቂት ወራት በኋላ፥ በኦክቶበር 1935፥ ጦርነቱ ተጀመረ። የቡጢ ማሸነፍ ጦርን አያስቀርም፤ ነገር ግን በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ለእኛ እንዳዘኑልን ማወቅ ይገባል።

በ1936 ማክስ ሽሜሊንግ የሚባል ጀርመናዊ ሉዊስን አሸነፈው። በሥርዓቱ ቢሆን ሻምፒዮኑን ጄምስ ብራዶክን አስቀድሞ መግጠም የሚገባው ሽሜሊንግ ነበር። የብራዶክ ወገኖች ግን ሉዊስን መረጡ። ስለ ምን? አዘጋጁ ለአሥር ዓመት ከሚያገኘው ትርፍ ከመቶ አሥር ሊሰጣቸው ስለ ተዋዋለ ነው። እንግዲህ ያንን በር የከፈተው የፍትሕ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበረበት። ጁን 22 ቀን 1937 ሉዊስ ብራዶክን በስምንተኛው ዙር አሸነፈ። ከጆንሰን መሸነፍ በኋላ 22 ዓመት አልፎ ነበር።

ነገር ግን ሉዊስ ሽሜሊንግን ሳላሸንፍ ሻምፒዮን አትበሉኝ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ያሸነፈውን ሰው ይሸሸው ነበር፤ እርሱ ግን ፈለገው። ጁን 22 ቀን 1938 ዳግመኛ ተጋጠሙና ሉዊስ በመጀመሪያው ዙር፥ ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ አሸነፈው። በ1939ም ጆን ሄንሪ ሉዊስ የሚባለውን ጥቁር ገጠመ፤ ጆንሰን የዘጋውን በር እርሱ ለወንድሞቹ ከፈተ። እስከ 1949 ድረስ ስሙን ይዞ 25 ጊዜ ተጋጠመ፤ 25 ጊዜም ስሙን ጠበቀ። ዛሬ በከባድ ሚዛን መድረክ ላይ ማንም ሰው ስለ ቆዳው ቀለም ተከልክሎ አይመለስም።

፱

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን።

መጀመሪያ፥ ሊገጥመው የሚገባውን ሰው የሸሸ አሸናፊ የራሱን ስም ይጐዳል። ዴምፕሲ ብርቱ ሰው እንደ ነበረ ሁሉ ያምናል፤ ነገር ግን ስሙ በተነሣ ጊዜ ሁሉ «ከዊልስ ጋር ቢጋጠምስ ኖሮ?» ይባላል። ኮርቤትም ሲነሣ ጃክሰን ይነሣል። በር የዘጋ ሰው ጥያቄውን ከበሩ ውጭ ያስቀረ ይመስለዋል፤ ጥያቄው ግን ከእርሱ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛ፥ በደል ብዙ ልብስ አለው። አንዳንዱ በግልጽ እንቢ ይላል። አንዳንዱ የማይቻል ውል ያቀርባል። አንዳንዱ ፈርሞ ያዘገያል። አንዳንዱ «ጊዜው አይደለም፥ ሕዝቡ ይቈጣል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ገንዘብ የለውም» ይላል። ልብሱ ቢለያይም ሰውየው ከበሩ ውጭ እንደ ቆመ ነው።

ሦስተኛ፥ በሩን አልፎ የገባ ሰው ወደ ኋላው ይመልከት። ጆንሰን ብርቱ ነበረ፤ ሉዊስ ግን ብርታቱን ለሌሎች በር መክፈቻ አደረገው።

እንግዲህ ወደ መስኩ እንመለስ። ነገ ትግል ስትገጥሙ የሸክላ ሠሪው ልጅ፥ ወይም የሸማኔው፥ ወይም ከሌላ አገር የመጣው ልጅ በዳር ቆሞ ብታዩት፥ ና ብላችሁ ጥሩት። ቢጥላችሁ እጁን ያዙና ጐበዝ በሉት። ብትጥሉትም ከመሬት አንሡት። ያን ጊዜ አሸነፍሁ ብትሉ ቃላችሁ እውነት ይሆናል።